መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓይዋ አልነሳም አለች፤ «ዲስኩ ከወደፊት ነው» ትላለች

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 25፣ ማታ 2:40

ሰላም ለመድረኩ። ዘጌ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ራስቤሪ ፓይ 3 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጫለሁ። ኪዊክስ (ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) ተጭኖባታል፤ ልጆቹ በስልካቸው ዋይፋይ ገብተው ውክፔዲያ ያነባሉ። ኢንተርኔት የላትም። ኦኤሱ ራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ቡክዎርም ነው፣ ኤስዲ ካርዱ ላይ። ውክፔዲያው ደግሞ በዩኤስቢ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ ላይ ነው ያለው። ዲስኩ የራሱ ፓወር ስላለው «ኃይል አንሶት ነው» እንዳትሉኝ።

ከዓመት በላይ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ራሷ ተነስታ ሥራዋን ትቀጥል ነበር። ሰኞ ማታ ሄደ፤ ሲመጣ ግን አልነሳችም። ዋይፋይዋም የለም። ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ፎቶ ላኩልኝ። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የውጪው ዲስክ ሱፐርብሎክ (ዲስኩ ስለ ራሱ የሚጽፍበት ቦታ) እንደሚለው መጨረሻ ማውንት የተደረገው (ተከፍቶ ሥራ ላይ የዋለው) ጁን 18፣ 2025 ነው፤ ይህ ጊዜ ገና አልደረሰም፤ አሁን 2023 ነው። ከዚያ «ያልተጠበቀ ችግር፣ ኤፍኤስሲኬን በእጅህ አስኪድ» ይላል፤ የዲስክ መመርመሪያውን ማለቱ ነው። ቀጥሎ ኢመርጀንሲ ሞድ ገባሁ ይላል፣ ግን ሩት አካውንቱ ስለተቆለፈ ኮንሶል አልከፍትም፣ ኢንተር ተጫን። ኢንተር ሲጫኑት ያንኑ ይደግማል።

እኔ ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ሐሙስ በጀልባ እሄዳለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? 2023ስ ከየት የመጣ ነው?

ቀበሌ14_ካፌ | ሰኔ 25፣ ማታ 2:58

ካርዱ ነው ባክህ። መብራት እየሄደ እየመጣ ካርድ ይበላል። አዲስ ካርድ ግዛ፣ ኦኤሱን እንደገና ጫን፣ ተገላገል።

ጣና_ዳር | ሰኔ 25፣ ማታ 3:20

ካርዱን አትንካው። ካርዱ ቢበላሽ ኖሮ እስከ ኢመርጀንሲ ሞድ ድረስ መድረሷም ያጠራጥር ነበር። ኦኤሱ በደንብ ተነስቷል፤ ያቆመው የውጪው ዲስክ ምርመራ ነው። ኦኤሱን እንደገና መጫን ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ምክንያቱን ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤክስት4 (በሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት) የተዘጋጀ ዲስክ መጨረሻ መቼ ማውንት እንደተደረገ ራሱ ላይ ይጽፋል። ቦርዱ ሲነሳ ኤፍኤስሲኬ ያንን ጊዜ ያነብና ከቦርዱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከአሁኑ ሰዓት የሚቀድም መሆን አለበት። የሚዘገይ ከሆነ ወይ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰዓቱ። የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይችል «ሰው ይምጣ» ብሎ ይቆማል። ኤፍኤስታብህ (ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች ዝርዝር) ላይ ያ ዲስክ ኖፌይል («ባይገኝም ቀጥል») የሚል ቃል ከሌለው ደግሞ ሲስተምዲ (ሲነሳ ሁሉን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) አንድ ዲስክ ስላልተገኘ ብቻ ሁሉንም ነገር አቁሞ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል። ሩት ፓስወርድ በራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ስለማይሰጥ እዚያ ገብተህ መሥራትም አትችልም። አንተ ያየኸው ይሄው ነው።

2023 የመጣው ከሲስተምዲ ነው። ፓይ 3 ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም። ስትነሳ ጊዜው ጃንዋሪ 1፣ 1970 ነው። ሲስተምዲ ግን ራሱ የተሠራበትን ቀን ያውቃል፤ ከዚያ በፊት ያለ ጊዜ ካየ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» ብሎ ሰዓቱን ወደተሠራበት ቀን ያሳድገዋል። ሎጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ቡክዎርም የወጣው በ2023 ስለሆነ ቁጥሩ ይገጥማል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ በትክክል ስትነሳ የነበረችው በፌክ-ኤችደብልዩክሎክ ነው። እሱ በየሰዓቱና ሲዘጋ ጊዜውን ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሲነሳ ያንን ያነሳል። መብራት ድንገት ቢሄድ እንኳ የሚጠፋው ቢበዛ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኤፍኤስሲኬ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ያለ ልዩነት በራሱ አስተካክሎ ያልፋል። ስለዚህ ሰኞ ማታ ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ ለምን ሥራውን አልሠራም? ሁለት ነገር ላክልን፦ የፌክ-ኤችደብልዩክሎክን ዳታ ፋይልና ቡት ክፍሉ ላይ ያለውን የሲኤምዲላይን ፋይል (ሲነሳ ለኦኤሱ የሚሰጡ ትእዛዞች ያሉበትን)። ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ማየት ትችላለህ። ዳታ ፋይሉ ያለው የሊኑክሱ ክፍል ላይ ስለሆነ ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ያስፈልግሃል።

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 25፣ ማታ 3:31

እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ኡቡንቱ ያለው ላፕቶፕ አለኝ። ሐሙስ ከዚያው እጽፋለሁ።

ፖሊ04 | ሰኔ 25፣ ማታ 4:05

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔም ላይ ደርሷል፣ ግን ዲስክ አልነበረም። ኦሬንጅ ፓይ ነው፤ ከመሳቢያ ወጥቶ ሲነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። አፕት አፕዴት ስለው «የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም» ይለኛል። ኤችቲቲፒኤስ ያለው ሁሉ ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም ይላል። እኔ ደግሞ ኔትወርኩ ነው ብዬ ራውተሩን ስነቅል ስሰካ አመሸሁ። ማለቴ፣ ቦርድ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር ስታዩ ከምንም በፊት ዴት የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ።

ጎርጎራ_ሰንሰር | ሰኔ 26፣ ጠዋት 1:15

ፖሊ04 እውነቱን ነው። እኔ ጋ የቆመው ቪፒኤኑ ነበር። የሐይቁን ከፍታ የሚመዘግብ ቦርድ ዳር ላይ አለኝ። ዳታውን በሲም ካርድ፣ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ውስጥ አሳልፎ ይልካል። አንድ ቀን ሶላሩ ደክሞ ጠፋ፣ ተመልሶ ተነሳ። ሲሙ ይሠራል፣ ፒንግ ይሠራል፣ ዋየርጋርዱ ግን ድምፁን አጠፋ። አንድም የስህተት መልእክት የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ደከምኩ። ዋየርጋርድ ሃንድሼክ (ትውውቅ) ሲያደርግ ጊዜውን ጨምሮ ይልካል። ሰርቨሩ ከዚያ ቦርድ የመጣውን የመጨረሻ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይዞ የመጣውን፣ የድሮ መልእክት ቀድቶ የሚልክ ሌባ ነው ብሎ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የእኔ ቦርድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ራሱ ሌባ ሆኖ ተቆጠረ። ይባስ ብሎ ኤንቲፒውም (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው) በዚያው ቪፒኤን ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ሰዓቱን ለማስተካከል ቪፒኤኑ ያስፈልጋል፤ ቪፒኤኑ እንዲነሳ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። ሁለቱ እየተጠባበቁ ቀሩ።

መፍትሔው ኤንቲፒን ከቪፒኤኑ ውጪ ማሳለፍ ነው፤ ዩዲፒ ፖርት 123። አሁን ጂፒኤስም ሰክቼበታለሁ። ሰማይ እስካየ ድረስ ኔትወርክ ባይኖርም ጊዜውን ይሰጣል።

ፖሊ04 | ሰኔ 26፣ ጠዋት 1:40

ጂፒኤሱ አሮጌ እንዳይሆን ብቻ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ 1024 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጨረሻ የዞረው አፕሪል 6፣ 2019 ነው። ፈርምዌሩ ያልታደሰ ሞጁል ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሊወስድህ ይችላል። ሰዓቱና ደቂቃው ልክ ሆኖ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ነው የሚሳሳተው።

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 26፣ ቀን 6:50

ዘጌ ደርሻለሁ። ካርዱን አይቼዋለሁ።

ሲኤምዲላይን ፋይሉ ላይ ኮንሶል የሚሉ ቃላት፣ ሩት ፓርቲሽኑና ሩትዌይት ብቻ ናቸው ያሉት። ሌላ ነገር የለም። ዳታ ፋይሉ ላይ ያለው ደግሞ ይሄ ነው፦ 2017-10-23 09:17:01።

2017? ይቺ ፓይ በ2017 አልተወለደችም እኮ። 2023 ሲገርመኝ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ዓመት መጣ።

ጋሽ_ሶልደር | ሰኔ 26፣ ቀን 7:10

ልጄ፣ ዛሬ ስንት ነው? ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሰኔ ስንተኛ ወር ነው? አሥረኛ። እስቲ የፋይሉን ቁጥር እንደገና አንብበው። 2017፣ ወር 10፣ ቀን 23።

እዚያ ቤት ሰዓቷን በእጁ ያስተካከለ ሰው አለ። ጠይቅ።

ጣና_ዳር | ሰኔ 26፣ ቀን 7:14

ጋሼ እርስዎ ጉድ ነዎት። 😂 ቆይ፣ ስሌቱን ልጨርሰው።

ፋይሉ የሚጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። 09:17 ላይ ሦስት ሰዓት ስትጨምሩ 12:17 ይሆናል። መብራት የሄደው ሰኞ ሰኔ 23 ማታ 1 ሰዓት ገደማ ከሆነ፣ በፈረንጅ 19:00 ነው። የሰውየው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ፣ 13:00። የመጨረሻው የየሰዓቱ ጽሑፍ 12:17። ገጠመ! የሽምብጥ ልጅ፣ መብራቱ በስንት ሰዓት ነው የሄደው?

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 26፣ ቀን 7:45

ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው ይላሉ። እና ጋሽ ሶልደር ያሉት ልክ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቀው ሰውዬ ነግሮኛል። ማታ ማታ ስለሚያጠፏት ቀኑ በየዕለቱ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ልጆቹ «ኮምፒውተሩ ቀን አያውቅም» እያሉ ሲስቁባት አርብ ጠዋት ሊያስተካክላት ተነሳ። ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይም ብሎ ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ። አልቀበልም፣ አውቶማቲክ ማስተካከያው በርቷል አለችው። አጠፋው። ከዚያ ተቀበለችው። 2017፣ 10፣ 20፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ካስተካከላት ወዲህ እስከ ሰኞ ማታ አላጠፏትም። በደንብ አስቦ ነው የሠራው፤ አልተቆጣሁትም። እንዲያውም ወረቀት ላይ ጽፎ አስቀምጦታል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፋይሉ 2017 እያለ እሷ ለምን 2023 አለች?

ጣና_ዳር | ሰኔ 26፣ ቀን 8:20

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሦስት መከላከያ መረብ ነበራት፤ ሦስቱም ተቀደዱ።

የመጀመሪያው ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ ነው። ሲነሳ ፋይሉን ያያል፣ የአሁኑን ሰዓት ያያል። ፋይሉ ወደፊት ከሆነ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል። ፋይሉ ወደ ኋላ ከሆነ ግን አይነካውም፣ «የተቀመጠው ጊዜ ያለፈ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሲስተምዲ ቀድሞ 2023 ላይ አድርሷታል፤ ፋይሉ 2017 ይላል። ስለዚህ ዘለለው። ፋይሉ ላይ የድሮው 2025 ቢኖር ኖሮ ወደዚያ ይወስዳት ነበር፤ ግን አርብ ከጠዋቱ ጀምሮ በየሰዓቱ 2017 ሲጻፍበት ነው የቆየው።

ሁለተኛው ታይምሲንክዲ ነው። እሱም የራሱ የጊዜ ፋይል አለው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ሲነሳ ሰዓቱን ከዚያ በታች አያስኬድም። ሰውየው «አውቶማቲክ ማስተካከያውን» ሲያጠፋ ያጠፋው እሱን ነው።

ሦስተኛው ሲኤምዲላይን ፋይሉ ነው። ራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ሲመጣ እዚያ ላይ ኤፍኤስሲኬ ሪፔር እኩል የስ የሚል ቃል አለው። ይህ ቃል ቢኖር ኤፍኤስሲኬ ለጥያቄው ሁሉ «አዎ» ብሎ፣ ጊዜውን አስተካክሎ ያልፍ ነበር። አንድ ሰው ኮንሶሉን ሲያስተካክል አብሮ ጠርጎታል።

የሚያስቀው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ 1970 ላይ ብትቀር ይሻላት ነበር። ኤፍኤስሲኬ 1970ን ሲያይ «ይሄ ሰዓት እብድ ነው» ብሎ በጊዜ ላይ የተመሠረተውን ምርመራ ይተወዋል። 2023 ግን እውነት ይመስላል። እውነት የሚመስል ውሸት ነው ያቆማት። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ብቻ ቢሆንም አትቆምም ነበር፤ 24 ሰዓት ውስጥ ነው።

ጋሽ_ሶልደር | ሰኔ 26፣ ቀን 8:32

ሰውየው ጳጉሜ ላይ ቢሞክራት ኖሮ 13ኛ ወር አላውቅም ብላ እምቢ ትለው ነበር። የካቲት 30ንም አትቀበልም፤ ግን የካቲት ስድስተኛ ወር ስለሆነ ጁን 30 መስሏት ትቀበለዋለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይዛ ትሄዳለች። ክፉ ነገሩ እያንዳንዱ ቁጥር ለእሷ ትክክለኛ መስሎ መታየቱ ነው።

ፖሊ04 | ሰኔ 26፣ ቀን 8:40

ጋሼ፣ «አትቀበልም» ብለው «ትቀበለዋለች» አሉ እኮ 😄

ጋሽ_ሶልደር | ሰኔ 26፣ ቀን 8:44

ሁለተኛው ነው ትክክሉ። የሶልደር ጢስ ነው።

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 26፣ ቀን 8:50

እሺ፣ አሁን ላንሳት። ጀልባው 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል። በምን ልጀምር?

ጣና_ዳር | ሰኔ 26፣ ቀን 9:02

ካርዱን ላፕቶፕህ ላይ ሰክተህ ቡትኤፍኤስ የሚለውን ክፍል ክፈት። ሲኤምዲላይን ፋይሉ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ አንድ መስመር ሆኖ መቅረት አለበት። መጨረሻው ላይ ክፍተት ሰጥተህ ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ሪፔር እኩል የስ ጨምር። ኢንተር አትጫን። አስቀምጥ፣ በደንብ አውጣው፣ ፓይዋ ላይ መልሰው። ትነሳለች።

ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ሌሎች ካላችሁ፣ ካርዱን ስትሰኩ «ይህን ዲስክ ፎርማት ላድርገው?» ይላል። የሊኑክሱን ክፍል ስለማያውቀው ነው። እሺ እንዳትሉት። ብዙ ሰው ካርዱን የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ከተነሳች በኋላ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰዓቷን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክል፤ ስልክህን አይተህ ጻፈው። ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር። የሰዓት ክልሏ አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆኑን እይ። ከዚያ ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ ሴቭ በል፣ ያ 2017 ይጥፋ። ከዚያ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ። ከቻልክ የስልክህን ሆትስፖት አብራላትና ራሷ ከኤንቲፒ ትውሰድ።

ቀበሌ14_ካፌ | ሰኔ 26፣ ቀን 9:10

ይሄ ሁሉ ከሚሆን ኤፍኤስታብ ላይ የዲስኩን የመጨረሻ ቁጥር ከ2 ወደ 0 ቀይሮ ምርመራውን ማጥፋት አይሻልም? እኔ ካፌዬ ውስጥ ያሉትን ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረግኳቸው። ሰላም ነው።

ጣና_ዳር | ሰኔ 26፣ ቀን 9:25

ወንድሜ፣ ሰላም የሚሆነው እስኪበላሽ ነው። መብራት እንዲህ እየቆራረጠ ያለ ቦታ ላይ ምርመራ ማጥፋት እኔ አልመክርም። ችግሩ ሰዓቱ ነው፤ ምርመራውን ለምን ትቀጣዋለህ? ለዚህ ተብሎ የተሠራ መንገድ አለ። ኢቲሲ ውስጥ ኢ2ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ኮንፍ የሚባል ፋይል ፍጠር፤ ኦፕሽንስ የሚለው ክፍል ሥር ብሮክን_ሲስተም_ክሎክ እኩል ትሩ ብለህ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ኤፍኤስሲኬ ዲስኩን ይመረምራል፣ ሰዓቱን ግን አያምንም። ዲስኩ ኤፍኤስታብ ላይ ደግሞ ኖፌይል ይጨመርበት። ዲስኩ ቢጠፋ እንኳ ቦርዱ ይነሳል፣ ከሩቅ ገብተህ ታየዋለህ።

ቀበሌ14_ካፌ | ሰኔ 26፣ ቀን 9:31

እሺ። የኮንፉን ነገር አላውቀውም ነበር። እሞክረዋለሁ።

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 26፣ ቀን 9:50

ተነሳች!! ኤፍኤስሲኬ ለውጪው ዲስክ ትንሽ ጊዜ ወሰደ፣ ከዚያ ዋይፋይዋ መጣ። ሰዓቷን አስተካክያለሁ፤ ፋይሉ አሁን 2025 ይላል። ኮንፉንም ኖፌይሉንም ጽፌያለሁ። ሁለት ልጆች ከአሁኑ ስልካቸውን አውጥተዋል።

ሰውየው አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ማታ ማጥፋታችንን ከቀጠልን ቀኑ እንደገና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። እውነቱን ነው። ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ ጠፍታ የቆየችበትን ሰዓት አያውቅም።

ጋሽ_ሶልደር | ሰኔ 26፣ ማታ 1:20

ለእሱ ጥያቄ መልሱ እውነተኛ ሰዓት ነው። ዲኤስ3231 የሚባለውን ሞጁል ፈልግ። ሙቀት ሲለዋወጥ ራሱን የሚያስተካክል ስለሆነ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚስተው። ዲኤስ1307 የሚባለውን ርካሽ አትግዛ፤ 5 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ክሪስታሉም በባሕር ዳር ሙቀት ይዋልላል።

ሽቦው አራት ነው። 3.3 ቮልት ከፒን 1፣ ኤስዲኤ ከፒን 3፣ ኤስሲኤል ከፒን 5፣ ግራውንድ ከፒን 6። ብዙዎቹ ሞጁሎች ላይ ቪሲሲ ስላለ 5 ቮልት የሚሰጡት አሉ። አትስጥ። የሞጁሉ ፑልአፕ ሬዚስተሮች 5 ቮልቱን ወደ ፓይዋ ፒኖች ይልኩታል፤ እነሱ የሚችሉት 3.3 ብቻ ነው።

ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ዲቲኦቨርሌይ እኩል አይ2ሲ-አርቲሲ፣ ኮማ፣ ዲኤስ3231 ጻፍ። አይ2ሲ አብራ። አይ2ሲዲቴክት ስትል 68 ላይ ዩዩ ካየህ ሾፌሩ ይዞታል ማለት ነው። 57 ላይ ሌላ ቁጥር ብታይ አትደንግጥ፣ ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሿ ኢኢፕሮም ናት። ከዚያ ሰዓቱን በኤችደብልዩክሎክ ዳሽ ደብልዩ ስጠው።

ፌክ-ኤችደብልዩክሎክን አራግፈው። ዩዴቭ ውስጥ ያለውን ኤችደብልዩክሎክ-ሴት የሚባል ስክሪፕት ክፈት፤ ሲስተምዲ ካለ ውጣ የሚሉትን ሦስት መስመሮች በሃሽ ዝጋቸው። አለበለዚያ ሞጁሉ ተሰክቶ ሳለ ሰዓቱን አታነብም።

ጣና_ዳር | ሰኔ 26፣ ማታ 1:45

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ሞጁሉ ቢኖርም ብሮክን_ሲስተም_ክሎክን አታንሳው። የሞጁሉ ሾፌር የሚጫነው ኦኤሱ እየተነሳ ሳለ ነው፤ የዲስክ ምርመራው ሊቀድመው ይችላል። አብረው ይኑሩ።

የሽምብጥ_ልጅ | ሰኔ 29፣ ጠዋት 4:30

ሞጁሉን አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ሰማያዊው ነው፣ ከባትሪ ማስቀመጫ ጋር። ባትሪውን፣ ሲአር2032፣ እዚሁ ከሰዓት ሠሪ ገዛሁ። ግን ሻጩ «ይሄ ሞጁል ባትሪውን ቻርጅ ያደርጋል፣ ይፈነዳብሃል» አለኝ። እውነት ነው?

ጋሽ_ሶልደር | ሰኔ 29፣ ቀን 6:05

ግማሹ እውነት ነው። ያ ሞጁል የተሠራው ቻርጅ ለሚደረግ ባትሪ፣ ለኤልአይአር2032 ነው። አንዲት ዳዮድና አንዲት 200 ኦም ሬዚስተር አሉበት፤ ከቪሲሲ ወደ ባትሪው ኃይል ያሳልፋሉ። በ5 ቮልት ሲሠራ ሲአር2032ን ቻርጅ ሊያደርግ ይሞክራል፤ እሱ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም። በ3.3 ቮልት ሲሆን በዳዮዷ ላይ ቮልቱ ስለሚወርድ ከባትሪው አይበልጥም፣ አደጋው ትንሽ ነው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ግን ይሄ አይያዝም።

እኔ ብሆን ሬዚስተሯን አነሳታለሁ። 201 የሚል የተጻፈባት ናት፣ ከዳዮዷ አጠገብ። ሁለቱን ጫፎቿን በብረቱ ተራ በተራ አሙቃት፣ በወረንጦ ገፋ አድርጋት፣ ትወጣለች። ሰዓቱ አይጎዳም።

የሽምብጥ_ልጅ | ሐምሌ 1፣ ማታ 3:15

ሬዚስተሯን አነሳኋት። ሞጁሉን እዚህ ባለኝ ቦርድ ላይ ሰክቼ ፈተንኩት፤ ቦርዱን ሌሊቱን ሙሉ ነቅዬ ጠዋት ስሰካ ቀኑም ሰዓቱም ልክ ነበር፣ ያለ ኢንተርኔት። ቅዳሜ ወደ ዘጌ እወስደዋለሁ።

ለሰውየውም ትንሽ ስክሪፕት ሠራሁለት። የኢትዮጵያ ቀን አስገብቶ ኢንተር ሲል በፈረንጅ ቀይሮ ያስተካክላል፤ ዓመቱ ከ2025 በታች ከሆነ ደግሞ እምቢ ይላል።

ፖሊ04 | ሐምሌ 1፣ ማታ 3:40

ስክሪፕቱን እዚህ ለጥፈው፣ ለሌሎችም ይጠቅማል።

ቀበሌ14_ካፌ | ሐምሌ 1፣ ማታ 3:52

አዲሷ ፓይ 5 ሰዓት አላት ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ልገዛ ነው። ሞጁል ልጨምርባት ወይስ አያስፈልጋትም?

ጋሽ_ሶልደር | ሐምሌ 2፣ ጠዋት 2:10

ሰዓቱ በውስጧ አለ፤ ባትሪው ግን ለብቻው ነው የሚገዛው። ጄ5 የሚባል ትንሽ ሶኬት አላት፣ እዚያ ይሰካል። ያለ ባትሪ መብራት ሲሄድ ከፓይ 3 አትለይም። የእሷ ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው፣ ኤምኤል2020 የሚባለው ነው፤ ቻርጁ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አርቲሲ_ቢባት_ቪሲኤችጂ የሚለውን 3000000 ብለህ ታበራዋለህ። ተራ ሊቲየም ባትሪ ሰክተህ ያንን መስመር እንዳትጽፍ።